ደወል በሌለበት ቤት፦ በቤት ውስጥ ትምህርት የጥናትና የዕረፍት ድንበር

በመደበኛ ትምህርት ቤት ዕረፍት መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ የሚወስነው መምህሩም ተማሪውም አይደለም፤ ደወሉ ነው። ደወሉ ሲደወል የሂሳብ መምህሩ ሁለት ጥያቄ ቢቀረው እንኳ ጠመኔውን ያስቀምጣል፣ ተማሪውም ጨዋታው ቢጥመውም ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ ማንም ማንንም አይለምንም፣ ማንም በማንም አይቀየምም። ልጆቻቸውን በቤት ውስጥ የሚያስተምሩ ወላጆች ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጡት ይህንን ነው፤ እንዳጡት የሚያስተውሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘግይተው ነው። መጻሕፍቱ ተገዝተዋል፣ የትምህርት ዕቅዱ ተዘጋጅቷል፣ ጠረጴዛው ቦታውን ይዟል፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆዩ ግን ቤቱ ከሁለት አንዱን መልክ ይይዛል። ወይ ጠዋት የተከፈተው ደብተር ልጁ እስኪያለቅስ ድረስ ሳይዘጋ ይውላል፣ ወይ «ዐሥር ደቂቃ ብቻ» ተብሎ የተፈቀደው ዕረፍት እየተንዘላዘለ እስከ ምሳ ይደርስና ቀኑን ይበላዋል።

ሁለቱ ችግሮች ተቃራኒ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው፤ በቤቱ ውስጥ የትምህርቱም የዕረፍቱም ማብቂያ አይታወቅም። ስለዚህ ጉዳይ የሚሰጡ ምክሮች በአብዛኛው ስለ መጠን ይናገራሉ፤ ስንት ሰዓት ትምህርት፣ ስንት ደቂቃ ዕረፍት። መጠኑ ቁም ነገር መሆኑ አይካድም፤ በእኔ ግምት ግን ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ማብቂያው ያልታወቀ ትምህርት ልጁን ጉልበቱን ቆጥቦ፣ ግማሽ ልቡን ይዞ እንዲቀመጥ ያስተምረዋል፤ ማብቂያው ያልታወቀ ዕረፍትም ልጁ በማንኛውም ደቂቃ ሊጠራ እንደሚችል እያሰበ የሚያሳልፈው ስለሆነ የሚያሳርፍ አይሆንም።

ጉዳዩ የጥቂት ቤተሰቦች ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ በዓለም ዙሪያ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ዋሉ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በዚያ ዓመት ባካሄደው የቤተሰብ ዳሰሳ፣ ልጆቻቸውን በቤት እናስተምራለን ያሉ ቤተሰቦች ድርሻ በአፕሪል መጨረሻ አካባቢ 5.4 በመቶ የነበረው በኦክቶበር መጀመሪያ 11.1 በመቶ ደርሷል። ከእነዚህ ውስጥ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም በዚያው የቀጠሉ አሉ፤ የሚጠይቁት ጥያቄ ግን ተለውጧል። ያኔ ጥያቄው «እንዴት እንውጣው?» የሚል ነበር። አሁን ደግሞ ለዓመታት ሳይሰለቹና ሳይደክሙ የሚዘልቁበትን አካሄድ ይፈልጋሉ፤ የዕረፍት ነገር የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው።

የሰዓቱ ክብደት

በመጀመሪያ መጥራት ያለበት አንድ የተሳሳተ ንጽጽር አለ። ብዙ ወላጆች የጎረቤት ልጅ በትምህርት ቤት ስድስት ሰዓት እንደሚውል አይተው፣ የእነርሱ ልጅ በሦስት ሰዓት ሲጨርስ የጎደለ ነገር ያለ ይመስላቸዋል። በክፍል ውስጥ የምታልፍ አንድ ሰዓት ግን ሙሉ በሙሉ ትምህርት አይደለችም። ስም ይጠራል፣ ደብተር ይሰበሰባል፣ መምህሩ ሰሌዳው ላይ እስኪጽፍ ይጠበቃል፣ ሌላ ተማሪ ተነሥቶ ሲመልስ ይደመጣል፣ ከኋላ ረድፍ የረበሹት እስኪገሠጹ ድረስ ሁሉም ዝም ይላል። ከሠላሳ ተማሪዎች መካከል የተቀመጠ ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ በስሙ ተጠርቶ የሚጠየቀው ምናልባት አንዴ ነው፤ የተቀረውን ጊዜ ሲፈልግ ያዳምጣል፣ ሲፈልግ በመስኮት ያያል። እነዚህ ሁሉ ማንም ዕረፍት ብሎ ያልሰየማቸው ፋታዎች ናቸው።

በቤት ውስጥ እነዚህ ፋታዎች አንድም ሳይቀሩ ይጠፋሉ። ወላጁ ከልጁ ጎን ወይም ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ የሚጠየቀው ልጁ ብቻ ነው፣ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል፣ እርሳሱ ሲቆምም «ምን ሆንክ?» የሚል ድምፅ ይሰማል። እንዲህ ያለው ትምህርት እጅግ ፍሬያማ መሆኑ እርግጥ ነው፤ የቤት ውስጥ ትምህርት ዋና ብልጫም ይኸው ቅርበት ነው። ሆኖም የዚያኑ ያህል ያደክማል። ስለዚህ በቤት የሚማር ልጅ ከአርባ ደቂቃ በኋላ መፍዘዙ የስንፍና ምልክት ላይሆን ይችላል፤ በክፍል ውስጥ ቢሆን በሁለት ሰዓት ተበትኖ የሚሠራውን ሥራ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሠርቶት ሊሆን ይችላል።

እርግጥ ነው፣ ሰዓት መቁጠር ግዴታ የሆነባቸው ቦታዎች አሉ። በአሜሪካ የኒው ዮርክ ግዛት በቤት ከሚማሩ ልጆች ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉት በዓመት 900፣ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ላሉት 990 ሰዓት እንዲሟላ ይጠይቃል፤ የሚዙሪ ግዛት ደግሞ 1,000 ሰዓት ደንግጎ ከዚህ ውስጥ 600ው በመሠረታዊ ትምህርቶች ላይ እንዲውል ያዛል። በአንጻሩ እንግሊዝ በቤት ለሚማሩ ልጆች የሰዓት ቁጥር አልወሰነችም። ሕጉ ቁጥር የሚጠይቅበት ቦታ የሚኖር ወላጅ ቁጥሩን ማሟላት አለበት፤ ነገር ግን 1,000 ሰዓት በ200 ቀን ሲካፈል በቀን አምስት ሰዓት፣ በ250 ቀን ሲካፈል ግን አራት ሰዓት መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። ቀኑን አሳጥሮ ዓመቱን ማርዘም የሚቻል መሆኑ ትምህርት ቤቶች በቀላሉ የማያገኙት ነጻነት ነው፤ ነጻነቱን ተጠቅሞ ሳለ በቀኑ ማጠር መሳቀቅ ግን የራስን መብት መልሶ ራስ ላይ ዕዳ ማድረግ ነው።

ዕረፍት ውስጥ የሚከናወነው ሥራ

ዕረፍት ለምን እንደሚያስፈልግ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ድካም ነው። የትኩረት መላላት በጥናት ከታወቀ ቆይቷል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኖርማን ማክዎርዝ በ1948 ባሳተመው ሥራ፣ ሰዎች አንዲት የምትዘል የሰዓት ዘንግ ለሁለት ሰዓት እያዩ አልፎ አልፎ የምታሳየውን ድርብ ዝላይ እንዲለዩ አድርጎ ነበር፤ የመለየት ችሎታቸው ገና ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ በግልጽ ቀነሰ። የተፈተኑት ለአቅመ አዳም የደረሱ፣ ትእዛዝ የሚያከብሩ ሰዎች ነበሩ። በሰባት ዓመት ልጅ ላይ ከዚህ የበለጠ ጽናት መጠበቅ አስቸጋሪ ነው።

ወደ ትምህርት ቀረብ የሚለው ማስረጃ ከዴንማርክ የመጣ ነው። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በሀገሪቱ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የተሰጡ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ፈተናዎችን መርምሮ፣ ፈተናው በቀኑ ውስጥ በአንድ ሰዓት በዘገየ ቁጥር የተማሪዎቹ ውጤት ጥቂት እንደሚቀንስ፣ ከፈተናው በፊት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ዕረፍት ሲኖር ግን ቅናሹ ተካክሶ ትርፍ እንደሚገኝ አሳይቷል። የለውጡ መጠን ትንሽ መሆኑ በግልጽ መነገር አለበት፤ በዕረፍት ብቻ ያልተማረ ልጅ የተማረ አይሆንም። ዋናው ቁም ነገር ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ በድካሙ ይበልጥ የተጎዱትም በዕረፍቱ ይበልጥ የተጠቀሙትም ዝቅተኛ ውጤት ያላቸው ተማሪዎች ነበሩ። በብዙ ቤቶች የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ፈጥኖ የሚገባው ልጅ ፈጥኖ ጨርሶ ይወጣል፣ የሚቸገረው ልጅ ደግሞ «እስኪገባህ ድረስ» ተብሎ ዕረፍቱ ይወሰድበታል።

ድካም ግን የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ስለ ትውስታ ነው። ጀርመናውያኑ ጌኦርግ ኤሊያስ ሙለርና አልፎንስ ፒልትስከር በ1900 ያቀረቡት ሐሳብ፣ አዲስ የተማርነው ነገር ወዲያው እንደማይጸና፣ ከተማርን በኋላም ለጥቂት ጊዜ እየረጋ እንደሚቆይ፣ በዚያ ጊዜ ሌላ ነገር ከተደረበበት ግን እንደሚናድ ያስረዳል። በ2012 የታተመ የስኮትላንድ ተመራማሪዎች ሙከራም ለዚህ ሐሳብ ድጋፍ ሰጥቷል፤ ታሪክ ካዳመጡ በኋላ ለዐሥር ደቂቃ ዐይናቸውን ጨፍነው ያረፉ ሰዎች፣ ያን ጊዜ በሌላ ጨዋታ ከተጠመዱበት ይልቅ ታሪኩን ከሰባት ቀን በኋላም በተሻለ አስታውሰዋል። የሙከራው ተሳታፊዎች በዕድሜ የገፉ ስለነበሩ ውጤቱን እንዳለ በልጆች ላይ ማሳረፍ አይገባም። የሚያመለክተው አቅጣጫ ግን አከራካሪ አይመስለኝም፤ ከከባድ ትምህርት በኋላ የምትከተል ባዶ ጊዜ ሥራ የፈታች አይደለችም።

ከዚህም የሚልቀው የጊዜ ማራራቅ ነገር ነው። ጀርመናዊው የትውስታ ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ሥራው፣ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በራሱ ላይ እየሞከረ ሲያጠና፣ በሦስት ቀን የተከፋፈለ 38 ድግግሞሽ በአንድ ቀን ከተደረገ 68 ድግግሞሽ ጋር እኩል ውጤት እንደሰጠው ጽፏል። ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ጉልበት ተረፈ ማለት ነው፤ ያተረፈውም በመካከል የገባው ክፍተት ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ ቦታ በተደረጉ ጥናቶችም ይኸው ግኝት ተደጋግሞ ታይቷል፤ በትምህርት ጥናት ውስጥ ይህን ያህል ጸንቶ የቆየ ግኝት ብዙ የለም። ስለዚህ ማካፈልን በአንድ ረጅም ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ከማስጠናት ይልቅ ለስድስት ቀን በቀን ሃያ ሃያ ደቂቃ ማስጠናት ለልጁ ማዘን ብቻ አይደለም፤ በሰዓት ሒሳብም አዋጭ ነው።

የት ላይ ይቆረጥ?

ለታናናሾቹ አጭር ትምህርት እንደሚያስፈልግ ከመቶ ዓመት በፊትም ይታወቅ ነበር። እንግሊዛዊቷ አስተማሪ ሻርሎት ሜሰን (1842–1923) ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ አንድ ትምህርት ከሃያ ደቂቃ እንዳይበልጥ፣ ትምህርቶቹም እየተፈራረቁ አንዱ ያደከመውን ሌላው እንዲያሳርፍ ታስተምር ነበር፤ በቤት የሚያስተምሩ ብዙ ወላጆች ዛሬም ይከተሏታል። ፊንላንድ በትምህርት ቤቶቿ ለአርባ አምስት ደቂቃ ትምህርት ዐሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት የመስጠት ልማድ አላት። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ በ1980ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ሃያ አምስት ደቂቃ ሠርቶ አምስት ደቂቃ የማረፍ ዘዴም በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ይህ የመጨረሻው ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለራሱ ያበጀው መሆኑ ይረሳል፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ሃያ አምስት ደቂቃው ይረዝማል፣ ድርሰት ጀምራ ሐሳብ ለጎረፈላት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ደግሞ ያጥራል፣ ዕረፍቱም ራሱ ረብሻ ይሆንባታል።

ከቁጥሮቹ ይልቅ ማብቂያውን አስቀድሞ መናገር ይበልጣል። ትንሽ ልጅ «ሃያ ደቂቃ» ሲባል ምን ያህል እንደሆነ አይገባውም፤ «እነዚህ ስድስት ጥያቄዎች ሲያልቁ እንዘጋለን» ሲባል ግን ይገባዋል። ይህ ቃል የሚጸናው ታዲያ ወላጁ ሲጠብቀው ነው። ልጁ ስድስቱን ፈጥኖ ሲጨርስ «ጎበዝ፣ እንግዲያው አራት ልጨምርልህ» ማለት ከባድ ስሕተት ነው፤ ልጁ ከዚያ ቀን የሚማረው መፍጠን እንደሚያስቀጣ ነው፣ በነጋታው ስድስቱን ለአንድ ሰዓት ቢያንከባልላቸው የሚገርም አይሆንም። እንዲሁም ስድስቱ ሳያልቁ እንባ የሚፈስበት ቀን ይመጣል። እንዲህ ባለው ቀን ልጁ በትክክል ሊሠራው የሚችለውን አንድ ጥያቄ መርጦ፣ እርሱን አሠርቶ መዝጋት ይሻላል፤ ትምህርቱ በእንባ ላይ ከተዘጋ በማግስቱ ደብተሩ ሲከፈት የመጀመሪያ ትዝታው ያው እንባ ነውና።

ተደጋጋሚ የዕረፍት ጥያቄ ደግሞ ብዙ የሚናገር ነገር አለው። ውኃ መጠጣት፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ ያልተሰበረ እርሳስ መቅረጽ፤ ልጆች በዚህ ጥበብ የታወቁ ናቸው። ወላጅ ይህን እንደ ማታለል ቆጥሮ ከመቆጣቱ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል መቼና በየትኛው ትምህርት ላይ እንደሚመጣ ቢመዘግብ ጥሩ ነው። ሁልጊዜ ንባብ ላይ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ነገሩ ከዕረፍት ጋር ላይገናኝ ይችላል፤ መጽሐፉ ከብዶት ወይም እጅግ ቀልሎት ይሆናል፣ አለዚያም ዐይኑ መታየት አለበት። በሁሉም ትምህርት ላይ ጠዋት ጠዋት የሚመጣ ከሆነ እንቅልፍን መመርመር ይገባል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 ባወጣው ምክር ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ያሉት ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንዲተኙ ይመክራል። በጉርምስና የእንቅልፍ ሰዓት ወደ ሌሊቱ እንደሚገፋ ስለሚታወቅ የሀገሪቱ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2014 የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጠዋቱ 2፡30 በፊት እንዳይጀምሩ አሳስቦ ነበር። ትምህርት ቤቶች ይህን ለማድረግ የአውቶቡስና የሠራተኛ ሰዓት ማስተካከል ይጠበቅባቸዋል፤ ቤተሰብ ግን ዛሬ ወስኖ ነገ ሊጀምረው ይችላል።

ሁሉም ዕረፍት አያሳርፍም

በቤት ውስጥ «ዕረፍት» በሚል ስም የሚሰጡ ብዙ ነገሮች ዕረፍት አይደሉም። የመጀመሪያው የቤት ውስጥ ሥራ ነው፤ ደብተሩ እንደተዘጋ «እስኪ እግረ መንገድህን» ተብሎ የሚጨመር መላላክና ዕቃ ማጠብ። ልጅ ቤቱን ማገዙ ተገቢ ነው፣ ከወንበር ተነሥቶ መንቀሳቀሱም ይጠቅመዋል፤ ሆኖም ይህ ከዕረፍቱ ደቂቃ ላይ ሊቆረጥ አይገባም፣ የራሱ ሰዓት ይኑረው። ሁለተኛው፣ ምናልባትም ይበልጥ የተለመደው፣ ተደብቆ የሚገባ ትምህርት ነው። ልጁ ግቢ ውስጥ ወፍ ሲያይ ወላጁ በመስኮት ሆኖ «ስንት ናቸው? ግማሾቹ ቢበሩ ስንት ይቀራሉ?» ይላል። በቤት የሚያስተምር ወላጅ ዓለም ሁሉ ትምህርት እንደሆነ ስለሚያምን ይህን ፈተና መቋቋም ይከብደዋል። ዓለም ትምህርት መሆኑ እውነት ነው፤ ልጁ ግን ሳይጠየቅ ወፍ የማየት መብት አለው።

ሦስተኛው ስክሪን ነው። ስልክና ታብሌት ልጁን ጸጥ ስለሚያሰኙ ወላጁ ያረፈ ይመስለዋል፤ ልጁ ማረፉ ግን አጠራጣሪ ነው። በ2019 በታተመ ጥናት፣ የቃላት እንቆቅልሽ ሲፈቱ ቆይተው በመካከል በስልክ ያረፉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲመለሱ ያሳዩት ብቃት ምንም ካላረፉት ብዙም አልተለየም። እዚህም ላይ የማብቂያው ነገር ተመልሶ ይመጣል። እግር ኳስ ተጫዋች ይደክመዋል፣ ሥዕል ያልቃል፣ እስከ አጥሩ ሮጦ መመለስ መድረሻ አለው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ የሚቀጥል ቪዲዮ ግን ማብቂያ እንዳይኖረው ተደርጎ የተሠራ ነው። ልጁን ከእርሱ መለየት የሚችለው የወላጅ ድምፅ ብቻ በመሆኑ ዕረፍቱ በክርክር ይዘጋል፤ ቀጣዩ ትምህርት የሚጀምረው ከዚያ ክርክር ላይ ነው። ስክሪን ጭራሽ አይኑር ማለቴ አይደለም፤ በትምህርቶች መካከል ከሚሰጥ ይልቅ የቀኑ ትምህርት ከተዘጋ በኋላ ቢሆን ጉዳቱ ያንሳል።

የሚያሳርፈው እንቅስቃሴና ደጅ መውጣት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በሳምንቱ ውስጥ በአማካይ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ከባድ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ ወደ ትምህርት ቤት በእግሩ የማይመላለስ ልጅ ይህን የሚያሟላው ሆን ተብሎ ጊዜ ከተተወለት ነው። የትኩረት ችግር ያለባቸውን ከ7 እስከ 12 ዓመት ያሉ 17 ልጆች ያሳተፈ በ2009 የታተመ ትንሽ ጥናት፣ ለሃያ ደቂቃ በመናፈሻ የተራመዱ ልጆች በከተማ መንገድ ከመራመድ ይልቅ ከዚያ በኋላ በተሻለ ቀልባቸውን እንደሰበሰቡ አሳይቷል።

ዕረፍትን እንደ ቅጣት ስለመንሳትም አንድ ነገር መባል አለበት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2013 ባወጣው የአቋም መግለጫ የዕረፍት ሰዓት ለቅጣትም ሆነ ለትምህርት ማካካሻ ሲባል ከልጆች እንዳይወሰድ አሳስቧል። በቤት ውስጥ «ይህን ገጽ ሳትጨርስ አትወጣም» የሚለው ቃል የዕለት ተዕለት ነው። ገጹ ልጁ የሚችለውና ዐሥር ደቂቃ የሚወስድ ከሆነ ይህ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው፣ ክፋት የለውም። ልጁ የማይችለው ሲሆን ግን አለመቻሉ በድካም ይቀጣል፣ ድካሙም አለመቻሉን ያባብሰዋል፤ ከዚያ አዙሪት በልጅ ጉልበት መውጣት አይቻልም።

ብዙ ልጆች፣ ረጅም ዓመት

እስካሁን የተነጋገርነው አንድ ልጅ እንዳለ አድርገን ነው። ሁለትና ሦስት ልጆች ባሉበት ቤት የአንዱ ዕረፍት የሌላው ረብሻ ነው፤ የአምስት ዓመቷ ስትጨርስ የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ገና ክፍልፋይ ጀምሯል። ሁሉንም በአንድ ሰዓት ማሳረፍ ቢያንስ በቀን አንዴ ጥሩ ነው፤ አብሮ መጫወትም ከዚያ ይመጣል። የተቀረውን ጊዜ ማፈራረቅ የግድ ይሆናል፦ ታላቁ ከባድ ትምህርቱን ታናሿ ደጅ በምትሆንበት ሰዓት፣ ታናሿም ንባቧን ታላቁ በራሱ በሚሠራበት ሰዓት። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በተግባር የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ዕረፍት ሲኖረው የወላጁ ዕረፍት የሚገባበት ክፍተት ሲጠፋ ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ስለ ዓመቱ ረጅም ዕረፍት የሚነሳው ፍርሃት መርሳት ነው። ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ በ1996 ያሳተሙት 39 ጥናቶችን የገመገመ ሥራ፣ ከረጅሙ የዓመቱ ዕረፍት በኋላ የተማሪዎች ውጤት በአማካይ የአንድ ወር ትምህርት ያህል እንደሚቀንስ፣ በሂሳብ ላይ ደግሞ ቅናሹ እንደሚጎላ ደምድሞ ነበር። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በአዳዲስ ፈተናዎች ሲመለከቱት የቅናሹ መጠን እንደ ፈተናው ዓይነት እንደሚለዋወጥ ስላዩ ቁጥሩን እንደ ቁርጥ ሕግ መያዝ አይገባም። በቤት የሚያስተምር ቤተሰብ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልገውም። ሦስት ወር በአንድ ጊዜ ከመዝጋት ይልቅ ስድስት ሳምንት ተምሮ አንድ ሳምንት ማረፍ፣ በረጅሙ ዕረፍትም ማታ ማታ መጽሐፍ ማንበብን ብቻ ማስቀጠል የሚመርጡ ብዙ ናቸው፤ የኤቢንግሃውስ ማራራቅም እዚህ ላይ ያግዛቸዋል። አደጋው ሌላ ነው። «ዓመቱን ሙሉ እንማራለን» የሚለው መርሕ ቀስ በቀስ «መቼም አንዘጋም» ወደሚል ይለወጣል፤ የታመሙበት፣ እንግዳ የመጣበትና ጉዞ የተደረገበት ሳምንት እንደ ዕረፍት ይቆጠርና ልጁ ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን አስቀድሞ ያወቀውና የጓጓለት ዕረፍት ሳይኖረው ያልፋል።

የወላጁስ?

መምህር ከሥራ ሲወጣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በቤት የሚያስተምር ወላጅ ግን የሚሄድበት ሌላ ቤት የለውም፤ ጠዋት ክፍልፋይ ያስተማረበት ጠረጴዛ ማታ ራት የሚቀርብበት ነው፣ ቀን «ተማሪዬ» ያለው ልጅ ማታ ታሞ የሚያቅፈው ነው። በቤልጅየም የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ኢዛቤል ሮስካምና ሞይራ ሚኮላይቻክ የወላጅነት መዛልን ሲያጠኑ ሥሩን ያገኙት ወላጁ ከሚጠየቀው ነገርና እርሱን ከሚደግፈው ነገር አለመመጣጠን ላይ ነው፤ ምልክቶቹም ብርቱ ድካም፣ ከልጆች በስሜት መራቅና በወላጅነት የነበረ እርካታ መጥፋት ናቸው። በቤት ማስተማር ከሚዛኑ በአንዱ ወገን ላይ ሙሉ የሥራ ድርሻ ይጨምራል፤ በሌላው ወገን ምን እንደተጨመረ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ለልጆቹ ደቂቃ በደቂቃ የተዘጋጀ የዕረፍት ሰሌዳ ባለበት ቤት ወላጁ የሚያርፈው ሁሉም ከተኙ በኋላ መሆኑ የተለመደ ነገር ሆኗል፤ ያን ጊዜም የነገውን ትምህርት ያዘጋጃል።

ለዚህ የሚሆን መፍትሔ በከፊል በቀኑ መካከል ይገኛል። ከምሳ በኋላ ሁሉም ሰው፣ ወላጁም ጭምር፣ በየራሱ ጥግ ጸጥ ብሎ የሚቆይበት አንድ ሰዓት ያላቸው ቤተሰቦች አሉ፤ የሚተኛ ይተኛል፣ የሚያነብ ያነባል፣ ማንም ማንንም አይጠራም። ልጆች ይህን ለመልመድ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል፣ መጀመሪያ ላይም በሩ በየአምስት ደቂቃው ይንኳኳል። ከለመዱት በኋላ ግን ልጁ ከራሱ ጋር መሆንን ይማርበታል፣ ጠዋት የተማረውም የሚረጋበት ጊዜ ያገኛል፣ ወላጁም ለቀሪው ቀን የሚሆን ትዕግሥት ያጠራቅምበታል።

ሌላው ክፍል ትምህርቱ የሚዘጋበትን ሰዓት ለወላጁም እውነተኛ ማድረግ ነው። መጻሕፍቱ ከዐይን የሚጠፉበት ሳጥን ወይም መደርደሪያ ይኑር፤ ከዚያ ሰዓት በኋላ ስለ ጠዋቱ ስሕተት አይነሣ፣ ራት ላይም የማባዛት ሠንጠረዥ አይጠየቅ። ታዲያ ሳጥኑ ከተዘጋ በኋላ፣ ማታ ደጃፍ ላይ ቆማ ከዋክብት ቀን ቀን ወዴት እንደሚሄዱ የምትጠይቅ ልጅ ብትኖርስ? ይመለስላት፤ የትም እንደማይሄዱ፣ የፀሐይ ብርሃን ከእነርሱ ስለሚበረታ ብቻ እንደማይታዩ ይነገራት። ደብተር ግን አይውጣ።